ጀበናውን እናውቀዋለን፤ ሠሪዋንስ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይመረጣል፤ ነገሩም የሚጀምረው ከቡና ነውና።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጀበና ልገዛ ወላይታ ሶዶ ገበያ፣ ሸክላ ወደሚሸጥበት በኩል ወረድኩ። አንዲት እናት ድስቱን፣ እንስራውንና ጀበናውን ሣር ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። እንደ ማንኛችንም በዋጋ ተከራከርኩ። ጀበናውን ሳገላብጠው ከእጀታው ሥር አንዲት አጭር ጭረት አየሁ።

«እናቴ፣ ይቺ ተሰንጥቃ ይሆን እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አይደለም ልጄ። እሷ የእኔ ናት። ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ላይ ስንተኩስ የማን የማን እንደሆነ የምንለየው በእሷ ነው» አሉኝ።

እቤት እስክደርስ ድረስ ያቺ ጭረት ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሠዓሊ ከሸራው ጥግ ላይ ስሙን ሲያሰፍር «ፊርማ» እንለዋለን። የእሳቸውን ፊርማ ግን እኔ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ስንጥቅ አድርጌ አነበብኩት። ዋጋ ለማስቀነስም ተጠቀምኩበት።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ስለ ወላይታ ሴት የጥበብ ሰዎችና በየዘመኑ ስለተደራጁባቸው ማኅበራት። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፦ እነዚህ ሴቶች «ተደራጁ» የሚላቸው አጥተው አያውቁም። ያጡት ማኅበሩን የራሳቸው የሚያደርገውን ነገር ነው። የራስ ገንዘብ፣ የራስ መዝገብና የራስ ጥያቄ።

በቅድሚያ ግን «የጥበብ ሰው» ስንል ማንን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ።

በአገራችን ሥነ ጥበብ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገሰላም አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ሠዓሊያን አንዷን ደስታ ሐጎስን እናከብራለን፤ ማክበርም ይገባናል። በመድረኩም በኩል አስናቀች ወርቁ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ወጥታ፣ ክራሯን ይዛ ለሌሎች በር ከፍታለች። እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት ትምህርት ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ራዲዮ ጣቢያና ጋዜጣ በአጠገባቸው ስለነበረ ነው።

በወላይታ ግን የሴቷ የጥበብ ትምህርት ቤት የእናቷ ጓሮ ነው። ልጅቷ አፈሩን መርጣ መቆፈር፣ ጠጠሩን መልቀም፣ ጭቃውን መርገጥና ማሸት ከእናቷ ትማራለች። ሸክላውን የምታሳድገው ያለ ምንም መሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ ነው። ታለሰልሳለች፣ በጥላ ታደርቃለች፣ በመጨረሻም በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር ትተኩሳለች። እሳቱ ከበዛ ይፈነዳል፤ ካነሰ ይፈረካከሳል። ነፋስ የተነሳበት ቀን የሳምንት ድካሟ ገል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን ሁሉ በዓይኗና በእጇ ለክታ የምታደርግ ሰው የጥበብ ሰው ካልተባለች ማን ሊባል ነው?

በጊፋታ ሰሞን ሁላችን ለብሰን የምንኮራበትን ዱንጉዛንም አስቡት። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ከሩቅ «ወላይታ!» ይላል። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ምስጋናውም ለእርሱ ይደርሳል። ነገር ግን የፋብሪካ ክር ገበያውን ሳይሞላው በፊት ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ክር የምታደርገው ሴት ነበረች። ያለ እሷ ክር የሸማኔው መወርወሪያ ባዶ ነበር።

ዘፈኑም እንዲሁ ነው። የወላይትኛ ምት ዛሬ ያልገባበት ሰርግ የለም፤ በሌላ ቋንቋ የሚዘፍኑትም ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ በአልበም ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ተብሎ ሲጻፍ አይታችኋል። እኔ ያንን ቃል ሳነብ እጠይቃለሁ፦ ይህ «ሕዝብ» የተባለው ማን ነው? በሰርግ ቤት ጓዳ እየተቀባበሉ ግጥም ይደረድሩ የነበሩ ሴቶች አይደሉምን? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለአንድ ደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። «ሕዝብ» የተባለችው እናት ግን ስም ስለሌላት ዕድሜም የላት፣ ወራሽም የላት።

አሁን ወደ ማኅበራቱ ታሪክ እንምጣ።

የወላይታ መንግሥት በካዎ ጦና ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከመሸነፉ በፊትም ሆነ በኋላ፣ የእጅ ባለሙያው በሙያው ተለይቶ ይኖር ነበር። ሸክላ ሠሪው ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደገላ፣ ብረት ቀጥቃጩም እንዲሁ በየስሙ። እውነቱን ሸፋፍነን አንለፈው። ይህ ስም የሙያ ስም ብቻ አልነበረም፤ የመገለል ስም ነበር። ጋብቻ አይፈጸምም፣ አብሮ መብላት አይታሰብም፣ መሬትም የለም። ሁሉም ቤት የእነሱን ድስት ጥዶ ወጥ ይሠራል፤ ድስቱን የሠራችው ሴት ግን ከደጃፍ አታልፍም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የሚያደርገው አዋጅ ሲታወጅ፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙ የእጅ ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመሬት ድርሻ የማግኘት ዕድል ተከፈተላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደርግን የማይወድ ሰውም ቢሆን ሊክደው አይገባም። ሆኖም መሬት ማግኘትና ክብር ማግኘት አንድ አይደሉም። መሬት ያገኘ ሁሉ ሸክላውን ቢተው ማን ይፈርድበታል? ሙያው ስድብ ሆኖበት የኖረ ሰው ከስድቡ ለመውጣት መጀመሪያ የሚጥለው ሙያውን ነው።

በ1970 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ወጣ፤ የዕደ ጥበብ ሠራተኞችም በየአካባቢው ተደራጁ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በዚያን ዘመን ወጣት የነበሩ እናቶችን ብትጠይቁ ስለ ኪነት የማያወሩላችሁ ጥቂቶች ናቸው። ያኔ ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ የየብሔረሰቡን ጭፈራ ይዞ ዓለምን ሲዞር፣ እኛ በቴሌቪዥን ዳንሱን አየን። ዳንሱን ለጨፋሪው ያስተማረችውን የመንደር ሴት ግን ያየ የለም።

ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ማኅበራቱም አብረው ፈረሱ። ብዙዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረታቸው ተዘረፈ፣ መዝገባቸው ተበተነ። ከዚያ በ1991 ዓ.ም. አዲስ የኅብረት ሥራ አዋጅ መጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ተተካ። በመካከሉ «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚባል አደረጃጀት መጣ። ሴቶቹም እንደገና ተሰልፈው እንደገና ተደራጁ።

ልብ በሉ፤ በየዘመኑ ጥሪው ከላይ ነው የመጣው። አንዱ ለአብዮቱ አደራጃቸው፣ ሌላው ለሪፖርቱ፣ ሦስተኛው ለፕሮጀክቱ። ጠሪው ሲሄድ የተጠራው ይበተናል።

ይህን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምናገረው። ከዓመታት በፊት እኔም ከእነዚህ ማኅበራት በአንዱ ጸሐፊ ነበርኩ። ሸክላ ሠሪዎች፣ ፈታዮች፣ ስፌት ሰፊዎችና ዘፋኞች በአንድ ላይ የነበሩበት ትንሽ ማኅበር ነበር። አንድ ፕሮጀክት መጣ፤ ማኅተም ተቀረጸልን፣ መጋዘን ተሰጠን፣ ቲሸርት ለበስን። በዓል ሲደርስ «ሴቶቹን አምጡልን» ይባላል፤ ሴቶቹ ይሄዳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሸክላቸውን ይደረድራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። የፎቶው መግለጫ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የአካባቢው ሴቶች»።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የመጋዘኑን ቁልፍ ወሰዱት። ቃለ ጉባኤውና የአባላቱ መዝገብ እኔ ዘንድ ቀረ። ቤት ስቀይር ካርቶን ውስጥ አደረግኩት፤ ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን ስፈልገው የለም። የእነዚያ ሴቶች ስም፣ ያዋጡት ሳንቲም፣ የተከራከሩበት ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ጠፋ። ጥፋተኛ ስፈልግ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማገኘው ራሴን ነው።

ከማኅበሩ ሌላ የማልረሳው ነገር አለ። በስብሰባ ቀን ቡና ይፈላል። ቡናው የሚፈላው ከአባላቱ አንዷ በሠራችው ጀበና ነበር። እሷ ግን ስኒዋን ከቤቷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣ ነበር። ማንም «አምጪ» አላላትም። ማንም «ተዪው፣ ከእኛ ጋር ጠጪ» አላላትም። እኔም አላልኩም። «የሴቶች ማኅበር» የሚል ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አንዷ ሴት የራሷን ስኒ ይዛ ትመጣ ነበር። ማኅበሩ ገንዘቡ ሳያልቅ በፊት ያለቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እስኪ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብለን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ውስጥ ኤሌን ቤርቶ የተባለች ቀራፂ የሴት ሠዓሊያንና ቀራፂያንን ኅብረት መሠረተች። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሴቶች ዝግ ነበር። ኅብረቱ የራሱን ዓመታዊ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ነዘነዘ፦ በሩን ክፈቱልን። በ1897 በሩ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ አምስት ሴቶች የሴቶች የሥነ ጥበብ ክበብ አቋቋሙ፤ ያ ክበብ ስሙን ቀይሮ እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ታሪኩን ማንበብ የምንችለው የመሠረቱት ሴቶች ስማቸውን ስለጻፉ ነው።

«እነሱ ፈረንጆች ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ናይጄሪያ እንሂድ። ላዲ ክዋሊ ከገጠር መንደር የወጣች፣ ከአክስቷ ሸክላ መሥራት የተማረች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 አቡጃ በነበረው የሸክላ ማሠልጠኛ ማዕከል ስትገባ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የእናቶቿን ዘዴ ሳትተው ሥራዋን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ወሰደች፤ በሥራዋ ላይም ስሟ አለ። ዛሬ በናይጄሪያ 20 ናይራ ብር ኖት ጀርባ ላይ ሸክላዋን ስትሠራ የምትታየው እሷ ናት። አንድ አገር ሸክላ ሠሪዋን በገንዘቡ ላይ አተመ። እኛ አገር «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ በብዙ ቦታ ስድብ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መልሱን ለመፈለግ ፓሪስ መሄድ አያስፈልገንም። በየሰፈራችን እድር አለ። እድር ስንት መንግሥት አሳለፈ? ንጉሡን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግን አሳልፎ አሁንም አለ። የኅብረት ሥራው ሲፈርስ እድሩ ያልፈረሰው ለምንድን ነው? ገንዘቡ የአባላቱ ነው። መዝገቡ በአባል እጅ ነው፤ የቀረ ይቀጣል፣ የከፈለ ይጻፋል። ጥያቄውም የራሳቸው ነው፤ ሬሳዬን ማን ያነሳል የሚል። ማንም ከውጭ መጥቶ «የእድራችሁ ዓላማ ይህ ይሁን» አይላቸውም። እንግዲህ እነዚያን ሦስት ነገሮች ከዚያው ማምጣት ነው።

አንደኛው የራስ ገንዘብ ነው። የውጭ ገንዘብ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ማኅበር እግሩን በሰው ጫማ ብቻ ሲያቆም ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሴቶች መብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የሚያህል ተቋም ሥራውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደደ። የሕግ ባለሙያዎቹ እንዲያ ከሆኑ ሸክላ ሠሪዎቹ ምን ይሆኑ ነበር? አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ አየሩ ተከፍቷል። ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም። ከእያንዳንዱ የተሸጠ ጀበና ጥቂት ሳንቲም ወደ ጋራ ሳጥን ቢገባ፣ ያ ሳጥን ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሁለተኛው የራስ መዝገብ ነው። የአባላት ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ ከማን እንደተማሩ፣ ፊርማቸው። አዎ፣ ያቺ ጭረት! የእያንዳንዷን ሸክላ ሠሪ ምልክት በመዝገብ ብናሰፍር፣ ገበያ ላይ ስሟን ይዛ ትወጣለች። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ድምፅ የሚቀርጹ፣ የሚጽፉ ተማሪዎች በየዓመቱ ያስመርቃል። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ ሞልቷል። የአንድ ትውልድ ሴቶችን ስም መመዝገብ የበጀት ጉዳይ ሳይሆን የፍላጎት ጉዳይ ነው። መዝገቡ ግን ቢያንስ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በአባላቱ እጅ ይቀመጥ። እንደ እኔ ካርቶን ውስጥ አታድርጉት።

ይህ ለጊፋታም ይጠቅማል። ጎረቤታችን ሲዳማ ፊቼ ጨምበላላን እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ዝርዝር መመዝገብ ለጊፋታም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዩኔስኮ አሠራር የቅርሱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ እንዲሳተፍና አስቀድሞ ፈቃዱን እንዲሰጥ ይጠይቃል። ስለ ጊፋታ ሰነድ ስናዘጋጅ በሬውን የገዙትን አባወራዎች ብቻ ነው የምንጽፈው ወይስ ቅቤውን ያጠራቀመችውን፣ ዳጣውን የፈጨችውን፣ ዘፈኑን ያወረሰችውን፣ ድስቱን የሠራችውንም?

ሦስተኛው የራስ ጥያቄ ነው። የፓሪሶቹ «በሩን ክፈቱልን» አሉ። የእኛዎቹስ ምን ይላሉ? እኔ ልመልስላቸው አልችልም፤ አልሞክርምም። ገበያ ውስጥ ግን የሰማሁት አለ። አፈር የሚቆፍሩበት ቦታ በግንባታና በእርሻ እየተያዘባቸው ነው። ማገዶ ተወድዷል። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ከእንስራና ከድስት ቦታ ገብቷል። ሴቶች ልጆቻቸው ሙያውን አይፈልጉትም። ከእነዚህ አንዱን መርጠው ወደ ቀበሌ ይዘው የሚሄዱበት ማኅበር ቢኖራቸው፣ በዓል ሲደርስ ከሚጠሩበት ማኅበር ይሻላቸዋል።

ሁለት ተቃውሞዎችን ልመልስና ልጨርስ።

«ለምን የሴት ብቻ?» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 ለማንኛውም ሰው የመደራጀት መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ካለፈው ታሪክ የወረሱት መድልዎ እንዲካካስ ይላል። ከወንዶች ጋር አንድ ማኅበር መሆኑን አልጠላም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ የጋራ በሆነው ሁሉ የሴቷ ስም ነው «ሕዝብ» ተብሎ የቀረው። መጀመሪያ ስሟን ታግኝ፤ ከዚያ እንቀላቀላለን።

«የመገለሉን ታሪክ ለምን ታነሻለሽ፣ እሱ አልፏል» የሚሉም አሉ። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አዎ። ሃይማኖቱም፣ ትምህርቱም፣ ሕጉም ረድቷል። ግን ያለፈ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ስኒዋን ይዛ አትመጣም ነበር። ቁስል ከላይ ሲሽር ከታች ካመረቀዘ ሽሯል አይባልም። ስለ ሴት የጥበብ ሰዎች ማኅበር የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ስኒው ማውራት አለበት። ሴትነት ብቻውን አንድ አያደርገንም፤ አብሮ መጠጣት ግን ይጀምራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ተረቱ ትክክል ነው፤ ሃምሳዎቹ እያንዳንዳቸው ሎሚያቸው የማን እንደሆነ ካወቁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልሰናበት። ዛሬ ቡናችሁን ስትጨርሱ ጀበናችሁን አገላብጡት። ምናልባት ከእጀታው ሥር ጭረት ታገኙ ይሆናል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሠሪዋን ፈልጋችሁ፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ ስሟን ጻፉ፤ ከማን እንደተማረችም ጠይቋት። ቤታችሁ ካመጣችኋት ደግሞ ስኒውን እናንተ አቅርቡላት።

እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያች እናት እመለሳለሁ። የተከራከርኩባቸውን ዋጋ ልመልስላቸው፣ ስማቸውንም ልጠይቃቸው። ደብተር ገዝቻለሁ። ሁለት ነው የገዛሁት፤ አንዱ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል።

ቸር ሰንብቱ።